አጋዘን በጨለማ ይመጣል

ጥቅምት 15 ቀን 1963 ዓ.ም. እሑድ

ይህን ደብተር በአማርኛ ልጽፈው ነው። በጥር የሚሰጠው የዕድገት ፈተና ድርሰት አለበት፤ እጄ ካልተፍታታ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ይቀድሙኛል። ሌላም ምክንያት አለ። ባለቤቴ ኣምለሰት ትግርኛውን እንደ ውሃ ታነበንበዋለች፤ አማርኛውን ግን ፊደሉን ትቆጥረዋለች እንጂ አይገባትም። ሰው ለራሱ የጻፈውን ለራሱ ቢያስቀር ነውር ያለው አይመስለኝም።

መምህራችን ድርሰት ስትጀምሩ ራሳችሁን አስተዋውቁ ይሉን ነበር። እንግዲህ እኔ ኣርኣያ እባላለሁ፤ ቤቴ ጸጸራት ሰፈር፣ ሥራዬ የአደን ፈቃድ መጻፍ ነው። ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። ሆኖም በአሥመራ ከተማ ስለ አጋዘን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ጸሐፊ ካለ ይምጣና እንየው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጨረቃን ዕድሜና የአጋዘንን መምጣት መዝግቤአለሁ። አባቴ ያስተማሩኝን አበቅቴ በጣቴ አንጓ እቆጥራለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁጥር ከሰማይዋ ጨረቃ አራት አምስት ቀን ስለሚዘገይ ደግሞ በዐይኔ እያየሁ አርመዋለሁ። ውጤቱ ግልጽ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አጋዘን ሌሊቱን ሲግጥ ያድርና ቀን ጥሻ ውስጥ ይተኛል፤ አዳኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጨረቃ በጠፋች ሰሞን ግን ሲመሽና ሊነጋ ሲል ውሃ ይወርዳል። አጋዘን በጨለማ ይመጣል። ሕጌ ይኸው ነው።

የመዝገቤ ዐይን መንግስትኣብ ነው፤ የኣምለሰት ታላቅ ወንድም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷን ያሳደጋት እሱ ስለሆነ ወንድሟም አባቷም ነው። የሚኖረው ገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው በዓዲ ሰግላ ነው። ከመንደሩ በታች ማይ አውሊዕ የምትባል የማትደርቅ ውሃ አለች። ማታ ወርዶ የውሃውን ዳር አሸዋ በወይራ ቅርንጫፍ ይጠርጋል፤ ጠዋት ተመልሶ ማን ጠጥቶ እንዳደረ ከዱካው ያነባል። ፊደል አልቆጠረም፤ አሸዋ ላይ ግን ሊቅ ነው።

ዛሬ እንደ ልማዱ መጥቶ የወሩን ቆጠራ ነገረኝ፤ እንደ ልማዳችንም ተጨቃጨቅን። እሱ በጨረቃዬ አያምንም። ጨረቃ ዓጋዜኑን አታዝዘውም፣ የምታዝዘው ሰውን ነው፤ አንተ አሥራ አንድ ዓመት የመዘገብከው ሰው ከቤቱ የሚወጣበትን ቀን ነው አለኝ። ኣምለሰት በሳቅ ሞተች። እኔ ግን የተናደድኩት በሌላ ነው። በመስከረሙ ጨለማ ሦስት ሌሊት አንድም አጋዘን አልወረደም፤ ይህ ሕጌን ያፈርሰዋል። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

“እንግዶች ነበሩ። ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ግመል። ጨረቃህን አትውቀሳት” አለኝ።

እንግዶች ማለት እነማን እንደሆኑ በዚህ ቤት አይጠየቅም። መንግሥት ሽፍታ ይላቸዋል፤ ኣምለሰት ስማቸውን አትጠራም። እኔም ሕጌ ስለዳነችልኝ ደስ ብሎኝ “ምክንያት” በሚለው በመጨረሻው ዓምድ ውስጥ አሰፈርኩት።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ዛሬ አንድ ሻለቃ ለፈቃድ መጡ። ሻለቃ ንዋይ ይባላሉ፤ ከሲታ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ እንደ ሌሎቹ መኮንኖች ጠረጴዛ የማይደበድቡ። በአገራቸው ኒያላ እንዳደኑ አጫወቱኝ። ከዚያ ሳልጠብቅ፣ የጨረቃ ነገር እውነት ነው ወይስ የአዳኞች ተረት ነው ብለው ጠየቁኝ።

በአሥራ አንድ ዓመት ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው! ደብተሬን ከመሳቢያዬ አወጣሁ። ቆመው አነበቡት። ዓምዶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ይዘው ወረዱ፤ የትግርኛውን ምን ማለት ነው እያሉ አስተረጎሙኝ። “እርስዎ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚገባዎት ሰው አይደሉም” አሉኝ። ፈቃዱን በቁም ጽሕፈት ጻፍኩላቸው።

ለኣምለሰት ስነግራት ሥራቸው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አዳኝ ናቸው አልኳት።

ኅዳር 6፣ እሑድ ማታ

ትናንትና ዛሬ ከሻለቃ ንዋይ ጋር አደን ወጥቼ ተመለስኩ። ጨረቃዋ ሙሉ ከሆነች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ምንም አናገኝም ብዬ አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ እንግዲያው ምንም አለማግኘታችንን እንይ አሉ። በማኪና እስከ አፋፉ፣ ከዚያ በእግር እስከ ማይ አውሊዕ። በዓዲ ሰግላ በኩል አላሳለፍኳቸውም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ በሌላው ያጥራል ብዬ ነው።

እንዳልኩት ሆነ፤ አንድ ቀንድ እንኳ አላየንም። ሻለቃው ደስ አላቸው። ባዶ እጁን በመመለሱ ደስ ያለው አዳኝ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ አዳኝ ጥሻ ጥሻውን በሚያይበት በጎህ ሰዓት እሳቸው መነጽራቸውን ማዶ ወዳለው ወደ ግመል መንገዱ አዙረው ቆዩ። ከማኪናው እስከ ውሃው ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን በሰዓታቸው ያዙ። ውሃዋ በበጋ ትደርቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከባሕሩ በኩል በበጋ የሚመጣው የባሕሪ ዝናብ ዘንድሮ ስለዘገየ በዚያ ገደል ያለችው እሷ ብቻ ናት አልኳቸው። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው አላየሁም።

ስንመለስ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከተማውን ሸፍኖት ነበር። በእዳጋ ሓሙስ ወርጄ በእግሬ መጣሁ። ሰዎች ከማን ማኪና እንደወረድኩ አዩ። ይዩ።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ሻለቃው መዝገቡን ንጹሕ አማርኛ አድርጌ እንድገለብጥላቸው ጠየቁ። በሚገባ ሊያጠኑት ነው። ለአለቃዬም ስለ እኔ ነግረውልኛል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባፈና ለኣምለሰት አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ልከዋል። ኣምለሰት “የቐንየለይ በልልኝ” ብላ አመሰገነችና ቅቤውን ጥግ አስቀመጠችው። ስላልቀመሰችው ተቀየምኩ።

ኅዳር 11፣ ዓርብ ሌሊት

እየገለበጥኩ ነው። ቀኑ፣ የጨረቃ ዕድሜ፣ የዱካ ብዛት፣ እነዚህ ቀላል ናቸው። የቸገረኝ የመጨረሻው ዓምድ ነው።

እስከ ዛሬ አላስተዋልኩትም ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ በጨለማ ሰሞን አጋዘን ያልወረደባቸው ሌሊቶች አሥራ ሰባት ናቸው። በአሥራ አራቱ ላይ ምክንያቱ አንድ ነው፦ “ሰባት ሰው አለፈ።” “አሥራ አንድ ሰው፣ አራት ግመል።” “የበረባሶ ዱካ፣ ብዙ፤ ወደ ላይ።” “የበረባሶ ዱካ፣ ወደ ታች፤ አንዱ ያነክሳል።” ሁሉንም መንግስትኣብ ማዕድ ላይ እየቀለደ ነው የነገረኝ። እኔ እንደ አጋዘን ነው የመዘገብኳቸው።

ዓምዱን ልተወው ይሆን? ብተወው ግን አሥራ አራት ሌሊት ያለ ምክንያት ይቀራል፤ የሚያየው ሰው ሕጉ ውሸት ነው ይላል። አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩበት። ደግሞም ሻለቃው ቀድሞ አይተውታል፤ እኔው ነኝ የተረጎምኩላቸው። አሁን ብሰርዘው የባሰ ያጠራጥራል። የመንግስትኣብ ስም የትም የለም፤ ይህን ሁለት ጊዜ ተመልክቻለሁ። የመንደሩም ስም የለም። ያለው የውሃዋ ስም ብቻ ነው።

መዝገብ እውነት ካልሆነ ምን ሊረባ። እገለብጠዋለሁ።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

ከከረን መንገድ ክፉ ወሬ መጥቷል። ወታደሮች ተገድለዋል፤ መንደሮችም ተቃጥለዋል ይላሉ። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም።

አጠገቤ የሚቀመጠው ተኽለ ሰው ሲወጣ ጠብቆ፣ ሻለቃህ በየትኛው ክፍል እንደሚሠሩ ታውቃለህ ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። የሰው ወሬ ከሚያሰባስበው የስለላ ክፍል ናቸው፣ በአደን ልብስ መጡ ብለህ አትዘናጋ አለኝ። ተኽለ በኔ ወንበር ላይ ዐይኑን ከጣለ ቆይቷል። ቅናት ነው።

መዝገቡን ግን ጠዋት አስረክቤ ነበር።

ኅዳር 15

ቅናት ነው።

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ጨለማው ሰሞን አልፏል። ሻለቃው ፊታቸው በፀሐይ ተጠብሶ ቢሮዬ መጡ። ማይ አውሊዕ ሦስት ሌሊት አድረው እንደመጡ ነገሩኝ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ስንት ጣሉ አልኳቸው። አንድም ጥይት አልተኮስኩም፣ ማየት ብቻ ነው አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣

“አቶ ኣርኣያ፣ ዓምድዎ ልክ ነው” አሉኝ።

“የትኛው ዓምድ?”

“የመጨረሻው።”

የሚቀጥለው ጨለማ መቼ ነው አሉኝ። ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ቆጠሩ። ታኅሣሥ አሥራ ስምንት፣ እሑድ ሌሊት ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። እንዳመሰገኑኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ፈቃድ ስጽፍ ስም አሳስቼ ቀደድኩ።

ማታ ኣምለሰት “እንታይ ኮይንካ?” ምን ሆንክ አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። በእርግጥም አሞኛል።

ታኅሣሥ 8፣ ሐሙስ

አስቸኳይ ጊዜ ታውጇል። ከመሸ መውጣት የለም። ከከተማ ለመውጣት ይለፍ ያስፈልጋል፤ በየኬላው ስም ይመዘግባሉ። ካሚዮኖች በሓዝሓዝ በኩል ሲያልፉ ይውላሉ። በፌርማታው ሰው ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ነው የሚቆመው።

አዋጁ አደንንም ይከለክላል፤ ስለዚህ ሥራ የለኝም። ቁጭ ብዬ ቀን እቆጥራለሁ። አሥር ቀን ቀረ።

ለመንግስትኣብ መንገር አለብኝ። ይህን እዚህ የጻፍኩት እንዳልሸሽ ነው።

ታኅሣሥ 11፣ እሑድ ሌሊት

መጥቶ ሄደ።

ኬላውን ትቶ በፍየል መንገድ ነው የመጣው። ከስቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠራ አላመጣም፤ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ አለፈው። ብዙ አላወራም። እኔም በውስጤ ለእሱ የምነግርበትን ቃል ሳዘጋጅና ሳፈርስ ምሳው አለቀ።

እውነቱን ልናገር። ቃሉ አጭር ነበር። ሻለቃው ያውቃሉ፣ እሑድ ሌሊት ይጠብቃሉ፣ ራቅ። በቃ። ይህን ብል ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከማን አወቁ ነው። ኣምለሰት እዚያው ነበረች፤ ሻሂ እየቀዳች። እሱ ይቅር ይለኝ ይሆናል። እሷን አውቃታለሁ።

ስለዚህ በአጋዘን በኩል ዞርኩበት። እንደ ጨዋታ አድርጌ፣ በዚህኛው ጨለማ አጋዘን ማይ አውሊዕ አይወርድም፣ በተለይ እሑድ ሌሊት፣ በከንቱ እንዳትደክም አልኩት።

ሻሂውን አስቀመጠና አየኝ። ቀስ በቀስ ፊቱ በራ። ከዚያ እንደ ድሮው ሳቀ።

“አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጨለማ ይመጣል ስትለኝ ከርመህ፣ ዛሬ ካድካት? ኣርኣያ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እኔ ይህን ሳላይ አልሞትም።”

ዝናቡ ስለዘገየ ነው፣ ዘንድሮ ልዩ ነው፣ ምናምን አልኩት። በተናገርኩ ቁጥር እሱ ይበልጥ ይደሰታል። ሕግህ ሲፈርስ ምስክሩ እኔ ነኝ፣ እሑድ አሸዋውን በእጄ ጠርጌ እዚያው አጠገቡ አድራለሁ፣ አንድ ጥጃ እንኳ ቢወርድ ሰኞ ሰው እልክብሃለሁ አለኝ። እጁን ዘረጋ፤ መታሁለት። ምን ላድርግ? ኣምለሰት በሩ ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች። አትስቅም ነበር።

ነገር በምሳሌ ይላሉ። ምሳሌ ተናግሬአለሁ። የሚገባው ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ሲያስበው ይገባዋል።

ታኅሣሥ 12

ገብቶት ይሆን?

ታኅሣሥ 14፣ ረቡዕ

ሻለቃው ቤት ሄድኩ። ይለፍ ልጠይቅ። ወርጄ በግልጽ እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ወይዘሮ ባፈና በደግ ፊት ተቀበሉኝ፤ ጾም ነው ብዬ እንኳ ያለ ሽሮ አለቀቁኝም። የኣምለሰትን ጤና ጠየቁ፤ ቅቤው ተስማምቷት እንደሆነም። በጣም አልኳቸው። ሻለቃው ገቡ። የባለቤቴ ዘመድ ታሞ አንድ ቀን ደርሼ ልመለስ፣ ይለፍ ቢያጽፉልኝ አልኳቸው። ወረቀትና ብዕር አወጡ።

“የመንደሩ ስም?”

ዓዲ ሰግላ ብል፣ ከማይ አውሊዕ በላይ ያለችው መንደር ናት። በዚያ ዘመድ አለኝ ማለት ነው። መዝገቡን ማን እንደሞላልኝ በአንድ ጊዜ ያውቃሉ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በዚያ ቤት የግድግዳ ሰዓት አለ፤ እሰማው ነበር። በመጨረሻ ሌላ ስም ጠራሁ፤ በስተደቡብ ያለች፣ አንድም ዘመድ የሌለኝ አገር። ጻፉልኝ። ምሕረት ያምጣለት አሉኝ።

ይለፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የማልሄድበት አገር ይለፍ።

ታኅሣሥ 16፣ ዓርብ

እስከ ኬላው በእግሬ ሄድኩ። ወታደሩ ወረቀቴን አየና መንገዱ በዚያ ነው ብሎ ወደ ደቡብ አመለከተኝ። አመስግኜ ተመለስኩ። የፍየል መንገዱን መንግስትኣብ አንድ ጊዜ አሳይቶኛል። ግን አንድ ጊዜ ነው። ደግሞም ያለ ይለፍ የተገኘ ይተኮስበታል ይላሉ። ልጆች የሉኝም፣ ሚስት ግን አለችኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ማን እንደተረተው እንጃ፤ የኔን ሆድ አላየም።

ታኅሣሥ 17

ተኽለን ልነግረው አሰብኩ። ሰው ይልክልኝ እንደሁ። ከዚያ ተኽለ ራሱ ማን እንደሆነ አላውቅም አልኩ። ተውኩት።

ታኅሣሥ 18፣ እሑድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ኣምለሰት ለረዥም ጊዜ ሰገደች።

ከሰዓት ጉም። ከአምስት ክንድ ወዲያ አይታይም። ጉም ከሆነ አይሄዱም ብዬ ደስ አለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት። ጉሙ ተገፈፈ።

ካሚዮን። ሦስት ቆጠርኩ። አራት። መብራታቸውን አጥፍተው ነው የሚሄዱት።

ኣምለሰት፦ “ወዴት ነው የሚሄዱት?” አላውቅም አልኳት።

ጨረቃ የለም።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

የተሰማ የለም። ከዚህ አይሰማም፤ ሩቅ ነው።

ሰኞ እልክብሃለሁ ብሎ ነበር። የመጣ ሰው የለም። ነገ ሊልክ ይችላል። ይለፍ ስላስቸገረ ነው።

ታኅሣሥ 21፣ ረቡዕ

ዛሬ በምሳ ሰዓት አንድ ወታደር በራችንን አንኳኳ። ኣምለሰት ሊወስዱኝ የመጡ መስሏት መቀርቀሪያውን ያዘች። የመጣው ግን ሥጋ ይዞ ነው። የአጋዘን የኋላ እግር፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፤ ሻለቃው ለአቶ ኣርኣያ ብለዋል አለ።

መጥቷል እንግዲህ። አጋዘኑ በጨለማው መጥቷል። ሕጌ ልክ ነበረች። ይህን ሳስብ ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይየኝ፣ ደስ አለኝ። ያችን አፍታ ከዚህ ደብተር አልደብቃትም።

የሄዱት ለአጋዘን ብቻ ይሆናላ። ሰው ቢያገኙ ኖሮ አጋዘን ለመግፈፍ ጊዜ ይኖራቸው ነበር?

ገና የሳምንት ጾም ስለቀረ ኣምለሰት ዘልዝላ ቋንጣ አደረገችው። ለገና መንግስትኣብ ሲመጣ እንሠራለታለን አለች። ከመኝታዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል።

ታኅሣሥ 24

የመጣ ሰው የለም። ኣምለሰት በቀን ሦስት ጊዜ በሩን ትከፍታለች።

ታኅሣሥ 27፣ ማክሰኞ ሌሊት

ዘቢብ መጣች። የመንግስትኣብ ሚስት ናት። በእግሯ፣ በፍየል መንገዱ፤ ሁለት ቀን ፈጀባት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ፀጉሯን ተላጭታለች። ኣምለሰት ከኋላዬ አይታት ጮኸች፤ ምንም ሳይነገራት።

ሰኞ ጠዋት ሳይመለስ ሲቀር ወርዳ ነው ያገኘችው። ከውሃው ዳር፣ በግንባሩ፣ የወይራ ቅርንጫፉ በእጁ። አጠገቡ አጋዘን የተገፈፈበት ደምና ፈርስ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሱ ብቻ። በአህያ ጭነው አምጥተው ማክሰኞ ቀበሩት።

ይህን ስትናገር ቋንጣው ከራሷ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ተነሥቼ አወረድኩትና ጓሮ ወስጄ ቀበርኩት። ሁለቱም ወዴት እንደሄድኩ አልጠየቁኝም።

ስመለስ ዘቢብ ለኣምለሰት እየነገረቻት ነበር። በኅዳሩ ጨለማ ማይ አውሊዕ አሸዋ ላይ የወታደር ቦት ዱካ አይቶ ነበር አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዶቹን በሌላ መንገድ አዞራቸው። ራሱም ወደ ውሃው መውረድ ትቶ ነበር፤ አንድ ወር ሙሉ አልወረደም።

“ያን እሑድ ግን፣ ኣርኣያ ቃሉን ለወጠ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተከራክሬው ዛሬ ለወጠ፣ ይህንስ ሄጄ ማየት አለብኝ አለኝ። እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነው የወረደ።”

ይህን ያለችው እኔን ለማጽናናት ነው። እስከ መጨረሻው ያስብህ ነበር ማለቷ ነው።

እሱ እኮ ቤቱ ነበር። ጉልበቴን አሞኛል ብሎ የዋሸኝ ለዚህ ነበር። ምንም ባልናገር ኖሮ፣ በዚያች እሑድ አፌን ዘግቼ ሽሮዬን ብበላ ኖሮ፣ ቤቱ ይተኛ ነበር። እኔ ነኝ ከቤቱ ያወጣሁት። እጁን መትቼ።

ታኅሣሥ 28፣ ረቡዕ

ኣምለሰት ከዘቢብ ጋር ወደ ዓዲ ሰግላ ልትሄድ ነው። ይለፍ ያስፈልጋል። ጠዋት ሻለቃው ቢሮ ሄድኩ።

ለማን ነው አለኝ ሻለቃው። ለባለቤቴና ለእኔ፣ ለኀዘን አልኩት። የት አለኝ። ዓዲ ሰግላ አልኩት። ያን ስም ከሁለት ሳምንት በፊት በሌላ ለውጬው ነበር፤ ዛሬ እንደማንኛውም ቃል ወጣ። ቀና ብሎ አላየኝም። ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ለወረቀቱ እጄን ስዘረጋ አልለቀቀውም።

“የጥር ወር ጨለማ መቼ ነው?” አለኝ።

ጥር አሥራ ስምንት አልኩት። ከእኔ ባይሰማ ከግድግዳ ካላንደር ላይ ያገኘዋል።

ቤት ስገባ ኣምለሰት ጥቁር ለብሳ፣ ትንሽ ዕቃ ቋጥራ ተቀምጣለች። ዘቢብ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ይለፉን ሰጠኋት። የኔን ስም ስታይ ጣቷን አሳረፈችበት፤ አማርኛው ባይገባትም ስሜን ታውቀዋለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው እንዳደረች በሚያስታውቅ አነጋገር ጠየቀችኝ።

“አሥራ አንድ ዓመት ዓጋዜን በጨለማ ይመጣል ስትል ሰምቻለሁ። ለሓወይ ያን እሑድ አይመጣም ያልከው ለምንድን ነው?”

ዝናቡ ስለዘገየ ልላት አፌን ከፈትኩ። ቆማ ጠበቀችኝ። የቸኮለች ሰው አልመሰለችም፤ የፈለግሁትን ያህል ጊዜ ሰጠችኝ። ዘቢብ አንዴ ከበሩ ስሟን ጠራች፤ መጣሁ አለቻትና እኔን ማየቷን አላቋረጠችም።

ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የቤቱን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። እስከ ኬላው ልሸኛችሁ ብል ዘቢብ ዞራ፣ አንተ እረፍ፣ ደክሞሃል አለችኝ። ኣምለሰት አልዞረችም።